ልባችን የሚቀጥረው ጠበቃ
ስለ መኪና መግዛትና ለራሳችን ስለምንሰጠው ምክንያት

የሚነበበው ክፍል፤ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10፥ ከቍጥር 25 እስከ 37



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ደጉ ሳምራዊ የተናገረውን ምሳሌ የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ምሳሌው ከምን የተነሣ እንደ ተነገረ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። የሕግ ዐዋቂው ትእዛዙን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ትክክለኛውንም መልስ በገዛ አፉ ሰጥቶአል። ከዚያ በኋላ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም። ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን፥ ራሱን ጻድቅ አድርጎ ማቅረብ ስለ ፈለገ ሌላ ጥያቄ ጨመረ። እንግዲህ ያ ምሳሌ የተነገረው ምክንያት ይፈልግ ለነበረ ሰው ነው። እኛም ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ሰው ለራሱ ስለሚሰጠው ምክንያት ነው። ለዚህም በየቀኑ የምናየውን፥ ብዙዎቻችንም የምንመኘውን አንድ ነገር፥ መኪና መግዛትን፥ እንደ ማሳያ እንወስዳለን።

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፥ ከመሐል ከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ቡጎሎቢ የሚባል ኮረብታማ ሰፈር አለ። ባለጠጎችና መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሰዎች፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ እንግዶችም ይኖሩበታል። ከልጆቻችንና ከዘመዶቻችንም በስደት ወይም በንግድ ወደዚያች ከተማ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። ከቡጎሎቢ አጠገብ ያለው ናካዋ የተባለው ስፍራ ደግሞ ከጃፓን አገር የመጡ ያገለገሉ መኪናዎች ተሰልፈው የሚሸጡባቸው ሰፋፊ ግቢዎች የበዙበት ነው። ኡጋንዳ እንደ ጃፓን በመንገድ ግራ የሚነዳባት አገር ስለ ሆነች፥ የጃፓን መኪና መሪው ሳይዛወር እንዳለ ይሠራባታል። አገራችን ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ተዛውራለች። መኪናዎቹ በመርከብ እስከ ሞምባሳ ወደብ መጥተው፥ ከዚያ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ተጉዘው ካምፓላ ይደርሳሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ፥ ከተሠራ 15 ዓመት የሞላው መኪና ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ተከልክሎአል።

ገዢው በእነዚያ ግቢዎች መካከል ሲመላለስ ምክንያት አያጣም። ቶዮታ ኢፕሰም የሚመርጠው፥ «ሰባት ሰው ይይዛል፤ ልጆቼና እናቴ አብረው ይቀመጣሉ» ይላል። ሱባሩ ፎሬስተር የሚመርጠው፥ «በአራቱም ጎማ ይስባል፤ ከጭቃ ያወጣል» ይላል። ቶዮታ ሃሪየር ወይም ፕራዶ የሚመርጠው ደግሞ፥ «መንገዱ መጥፎ ነው፤ ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል» ይላል። ሌላውም፥ «መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ ስሸጠውም አልከስርም» ይላል።

እነዚህ ምክንያቶች ውሸት ናቸው ማለታችን አይደለም። የካምፓላ መንገድ ጉድጓድ የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር የከተማዪቱ ሰዎች የየሰፈራቸውን ጉድጓድ ፎቶግራፍ እያነሡ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ አሳይተዋል። ዝናብ ሲዘንብም በኮረብቶቹ ሥር ያለው ረግረግ ስፍራ በጎርፍ ይሞላል። ስለዚህ ጠንካራ መኪና የሚያስፈልገው ሰው በእውነት አለ፤ ብዙ ልጆች ያሉትም ብዙ መቀመጫ ያስፈልገዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባናል። አንደኛው፥ «መኪና ለምን አስፈለገኝ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ «ይህ መኪና ለምን አስፈለገኝ?» የሚለው ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ለአንደኛው ጥያቄ ያገኘውን መልስ ወስዶ ለሁለተኛው ይከፍልበታል። ልጆቹን ዝናብ እንዳይመታቸው የሚለው ምክንያት መኪና ለመግዛት ይበቃል፤ ዋጋው ሦስት እጥፍ የሆነውን መኪና ለመግዛት ግን አይበቃም፤ ዝናቡ በርካሹም መኪና ጣሪያ አያልፍምና። የመንገዱ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ከመኖሪያው እስከ መሥሪያ ቤቱ በአስፋልት የሚሄድ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው፥ ስለዚያች አንዲት ቀን ብሎ የዓመቱን ሁሉ ነዳጅ ይከፍላል። በምክንያቱና በተገዛው ዕቃ መካከል የቀረው ክፍተት፥ ያ የልባችን እውነተኛ ስፍራ ነው። በዚያ ክፍተት ውስጥ የተቀመጠውን ምኞት ማንም አይጠራውም፤ ዋጋውን የሚያስከፍለው ግን እርሱ ነው።

«ስሸጠው አልከስርም» የሚለውም ቃል ሊመረመር የሚገባው ነው። ይህ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የብልህ ሰው ምክንያት ይመስላል። ሆኖም ይህን የሚል ሰው መኪናውን የሚያየው በገዛ ዓይኑ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሚመጣ በማያውቀው ሰው ዓይን ነው። ያ ሰው ደግሞ በተራው ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ሰው ዓይን ያያል። እንዲህ ሆኖ ሁሉም የሌላውን ምኞት ይገዛል፤ የራሱ የሚያስፈልገው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ አንድ እንኳ አይገኝም። በኡጋንዳ የመኪና ሰሌዳ ፊደል ለብዙ ዓመት በተራ ሲሰጥ ስለ ኖረ፥ መኪናው በስንት ዘመን እንደ ገባ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ከሰሌዳው ላይ ያነብብ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚነዳው ሞተር ብቻ አልነበረም፤ ሰሌዳውንም ጭምር ነበር።

በዚያው በቡጎሎቢ ካሉት መንገዶች አንዱ በአልበርት ሉቱሊ ስም ይጠራል። ሉቱሊ በደቡብ አፍሪካ ስለ ሕዝቡ መብት የቆመ፥ የ1960 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ክርስቲያን ሰው ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ከትግሉ ድርጅት ውጣ ወይም አለቅነትህን ተው በተባለ ጊዜ፥ ሁለቱንም አልተውም አለ፤ መንግሥትም ከአለቅነቱ ሻረው፤ እርሱ ግን ከወገኖቹ ጋር ቀረ። ስሙም ለመንገድ ተሰጠ። በምን ዐይነት መኪና ይሄድ እንደ ነበረ ግን በዚያ መንገድ የሚነዳ ሰው ሁሉ አያስታውስም፤ ሊያስታውስም አያስፈልገውም።

ይህ ነገር የካምፓላ ብቻ ነው እንዳንል እስቲ ወደ አገራችን እንመለስ። አባቶቻችን መኪና ሳያውቁ የመኪናን ፈተና ያውቁ ነበር። ሰጋር በቅሎ፥ ያጌጠ መጣብር፥ በግራና በቀኝ የሚከተል አሽከር፥ ይህ ሁሉ የሰውዬው ማዕርግ ገና ከሩቅ እንዲታወቅ ነበር። ነገሥታቱና መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ አፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ተብለዋል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፥ ያው ልብ ከበቅሎ ወርዶ መኪና ላይ ወጣ። በአንድ ዘመን ቮልስዋገን፥ በሌላው ፊያት፥ ከዚያም ላዳ፥ ከዚያም ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ በየተራቸው የብልህ ሰው መኪና ተብለዋል። ላንድክሩዘር ደግሞ የባለሥልጣን ምልክት ሆኖ ኖሮአል። ዛሬም ሰውን በስሙ ሳይሆን በመኪናው ስም እንጠራዋለን፤ «የዚያ የነጩ መኪና ባለቤት» እንላለን፤ እንዲህ ሲሉን መስማትም ደስ ያሰኘናል።

ምክንያቱም ከዘመኑ ጋር ይለዋወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ፥ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። አሮጌው መኪና ከተገዛበት ዋጋ በላይ ይሸጥ ስለ ነበረም፥ «መኪና መግዛት ገንዘብ ማስቀመጥ ነው» ተባለ፤ ይህም በከፊል እውነት ነበረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም በዙ። አሁን ገዢው፥ «አየሩን ላለመበከል ነው» ይላል። መልካም ነገር ነው፤ አየሩም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነውና። ነገር ግን ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ስለ አየሩ ምን ያህል ያስብ እንደ ነበረ ልቡን ይጠይቅ። አባቶቻችን፥ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፥ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይላሉ። በቅሎዋ አልዋሸችም፤ ፈረስ በእውነት አጎቷ ነው። የተጠየቀችው ግን እርሱን አይደለም። የእኛም ምክንያት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ እውነት ነው፥ ነገር ግን የጥያቄው መልስ አይደለም።

በሰፊው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ሆኖአል። በ1908 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ማውጣት ጀመረ። ጠንካራ፥ ርካሽና ለሁሉ አንድ ዐይነት ነበረ፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶአል፤ ለብዙ ዓመትም የሚቀባው ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ተወዳዳሪው ጄኔራል ሞተርስ ግን ለየገቢው ልክ የተለያየ መኪና፥ የተለያየ ቀለም፥ በየዓመቱም አዲስ መልክ አቀረበ። ፎርድም በ1927 እ.ኤ.አ. ያን መኪና መሥራቱን አቆመ። ሰዎች ካሰቡት ቦታ መድረስ ብቻ አልበቃቸውም፤ ከጎረቤታቸው ተለይተው መድረስ ፈለጉ። በዚያው በ1908 እ.ኤ.አ. ኤርነስት ጆንስ የተባለ ሐኪም፥ ሰው በስውር ምኞት ያደረገውን ነገር በኋላ መልካም ምክንያት እየፈለገ እንደሚያለብሰው ገልጦ ጻፈ፤ ለዚህም ጠባይ የሊቃውንት ስም አወጣለት።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ንጉሥ ሳኦል ከአማሌቅ ምርኮ የተሻለውን በግና በሬ አስቀረ፤ ሳሙኤልም በጠየቀው ጊዜ ለእግዚአብሔር ሊሠዋው እንዳሰበ ነገረው (1 ሳሙ. 15)። አስተውሉ፤ ምኞቱ ቀድሞ መጣ፥ መሥዋዕቱ ግን ኋላ ተጠራ። ደግሞም ጌታችን ስለ ታላቁ እራት በተናገረው ምሳሌ፥ አንዱ ተጋባዥ አምስት ጥማድ በሬ መግዛቱንና ሊፈትናቸው መሄዱን ምክንያት አድርጎ ቀረ (ሉቃ. 14)። በሬ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ገዝቶ መፈተንም የገበሬ ወግ ነው። ጥፋቱ፥ የተገዛው ነገር ገዢውን ከእራቱ ማስቀረቱ ነው።

ጠበቃ የሚቀጠረው ክስ ሲኖር ነው። ልባችንም ምክንያት የሚያበዛው የሚከስሰው ነገር ስላለ ነው። ከልባችን ያልተሸሸገ ነገር ለምን መከላከያ ያስፈልገዋል? አንድ ኩንታል ጤፍ የገዛ ሰው ለጎረቤቱ ሰባት ምክንያት አይደረድርም። ምክንያቱ ሲበዛ ምኞቱ እንደ በዛ እንወቅ።

ይህን ስንል ግን ጣታችንን በባለ መኪናው ላይ ብቻ አንቀስር። በቤተ ክርስቲያንም ጉባኤ ውስጥ ይህ ጠበቃ ወንበር አለው። «ለወንጌል ሥራ ነው» የሚለው ቃል እጅግ የከበረ ነው፤ ከመክበሩም የተነሣ ማንም ሊመረምረው አይደፍርም። በእውነት ተራራ ወጥቶ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሩቅ ምእመናን የሚሄድ መኪና የወንጌል መኪና ነው። ከቢሮ ወደ ቢሮ ብቻ የሚመላለሰው ግን፥ በበሩ ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ስለ ተጻፈበት ሌላ መኪና አይሆንም። በእግሩ የሚሄደውም ወንድም፥ «እኔስ እንደ እነርሱ አይደለሁም» ብሎ ቢያስብ፥ ባዶ እግሩን እንደ መኪና ሊነዳበት ይችላል። አሮጌ መኪና ይዞ ትሕትናው እንዲታይለት የሚወድ ሰውም ከዚያ ከንቱ ክብር አላመለጠም። ሁላችንም ያው ልብ አለን።

በዚህ ነገር የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ነው ብለን አናቅልለው። ምክንያቱ አሳምኖት ከአቅሙ በላይ የተበደረ ሰው፥ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለጎማና ለነዳጅ ያውላል፤ ከሚስቱም ጋር ሰላም ያጣል። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ይደርስበታል። በጸሎት ቤታችንም ደጃፍ ላይ አሳላፊው በመኪና የመጣውን ወደ ፊት፥ በእግሩ የመጣውን ወደ ኋላ ካስቀመጠ፥ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ ሁለት የገሠጸው ኃጢአት በእኛ ዘንድ ተደገመ ማለት ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ብዙ አባት፥ «ልጆቼን ከአደጋ ለመጠበቅ» ብሎ ከፍ ያለና ከባድ መኪና ይገዛል፤ የአባት ልብ እንዲህ ማሰቡ ተገቢ ነው። ሆኖም በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፥ የፊቱ ቁመት ከመሬት አንድ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና እግረኛን ሲመታ፥ ፊቱ ዝቅና ዘንበል ካለው መኪና ይልቅ ለሞት የማድረሱ ዕድል በ45 በመቶ ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ለእኔ ልጅ የተገዛው ደኅንነት በመንገድ ዳር በእግሩ ከሚሄደው ከሌላው ሰው ልጅ ላይ ተቀንሶ እንዳይሆን እናስብ። በእኛም በካምፓላም ከተሞች በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው በመንገዱ ዳር ይሄዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መኪና አትግዙ የሚል ሕግ ልናወጣ አልተጠራንም። ወንጌል ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ ሦስት እንደሚያስተምረን፥ ሰው በክርስቶስ በሆነው ቤዛነት በኩል እንዲያው በጸጋ ይጸድቃል። ይህን ቃል በእሑድ ብቻ አንስማው፤ ወደ መኪናው መሸጫ ግቢም ይዘነው እንሂድ። በእግዚአብሔር ፊት ስለ ልጁ የጸደቀ ሰው በጎረቤቱ ፊት ራሱን ለማጽደቅ መኪና አያስፈልገውም፤ በራሱ ልብም ፊት ጠበቃ መቅጠር አያስፈልገውም። ክሱ ተዘግቶአል። ስለዚህ እውነቱን ያለ ፍርሃት ሊናገር ይችላል፤ «ይህን መኪና ወድጄዋለሁ፤ መልኩ ደስ ይለኛል» ሊል ይችላል። እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው ግማሽ መንገድ ተፈውሶአል። ምኞት በስሙ ሲጠራ ይለካል፤ «አቅሜ ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ደስታንም ከእግዚአብሔር እጅ በምስጋና መቀበል የተፈቀደ ነው። የምክንያት ልብስ ለብሶ የመጣ ምኞት ግን አይለካም፤ አያልቅምም።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ። ምክንያቴ የሚያስፈልገው መኪና ነውን፥ ወይስ ይህ መኪና? ማንም ባያየኝ፥ ሌሊት ሌሊት ብቻ ብነዳው፥ ይህንኑ እመርጥ ነበርን? ዋጋውንና ዕዳውን ለሚስቴ ወይም ለባሌ፥ ለሚያምነኝም ወንድም ሳልቀንስ እነግራለሁን? እነዚህን በቅንነት የመለሰ ሰው በሰላም ይግዛ፥ ወይም በሰላም ይተው።

ከገዛ በኋላ ግን አራተኛ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም በዚህ መኪና ማን ይቀመጣል የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላ ይሄድ ነበር (ሐዋ. 8)። ሠረገላው ምን ያህል የተዋበ እንደ ነበረ ቅዱስ መጽሐፍ አይነግረንም። የሚነግረን፥ በመንገድ ላይ በእግሩ ለመጣው ለፊልጶስ ስፍራ እንደ ነበረው ነው። በዚያ ስፍራ በኩልም መዳን ወደ ጃንደረባው መጣ፤ በደስታም መንገዱን ቀጠለ።

ሳምራዊውም አህያ ነበረው። ካህኑና ሌዋዊው ለማለፋቸው ምክንያት እንደ ነበራቸው አንጠራጠርም፤ ምናልባት መልካም ምክንያት ነበረ። ጌታችን ግን ምክንያታቸውን ሊነግረን እንኳ አልወደደም። ሳምራዊው ያን የቆሰለውን ሰው በገዛ እንስሳው ላይ አስቀመጠው። በእንስሳው ላይ የተቀመጠው ቁስለኛው ከሆነ፥ ባለቤቱ ወርዶ በእግሩ ሄዶአል ማለት ነው። ራሱን ሊያጸድቅ ለመጣው ለሕግ ዐዋቂው የተሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከኮርቻው የወረደ ሰው። ለእኛም ከክብሩ የወረደ ጌታ አለን፤ እኛን የወደቅነውን ያነሣን እርሱ ነው። ስለዚህ በሰፈራችን የታመመ፥ ምጥ የያዛት እናት፥ ወደ ጸሎት ቤት መምጣት ያቃታቸው ሽማግሌ ሲኖሩ፥ መኪናችን ለምን እንደ ተገዛ በዚያን ጊዜ ይታወቃል፤ በዚያን ጊዜም ማንም ምክንያት አይጠይቀንም።

ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር በፊቱ ያለ ጠበቃችን መቆምን ያስተምረን፤ አንዱ ጠበቃችን ክርስቶስ ይበቃናልና። አሜን።